ለነቀምቴ ፎቶ አንሺ በብድር የተገዛ ኤፍ 1.2 አያዋጣም

እዚህ ቻናል ላይ ብዙ ጊዜ የምናወራው ስለ ምርጫ፣ ስለ ጸጥታና ስለ ዶላር ነው። ዛሬ ስለ አንዲት የካሜራ ዕቃ ላውራ። «እኛን ምን አገባን?» የሚል አንባቢ ትንሽ ቢታገሠኝ፣ ነገሩ ከዶላሩም ከጸጥታውም ብዙ እንደማይርቅ ያያል።

በነቀምቴ፣ በጊምቢ፣ በሻምቡ፣ በደምቢ ዶሎና በዙሪያቸው ባሉ ትንንሽ ከተሞች በካሜራ እንጀራውን የሚበላ ወጣት ብዙ ነው። ጥር ሲገባ ሠርግ አለ፤ ክረምት ሲደርስ የዩኒቨርሲቲና የኮሌጅ ምረቃ አለ፤ በመሐል ልደቱም፣ የቤተ ክርስቲያን ጉባኤውም አይጠፋም። ከእነዚህ ወጣቶች ብዙዎቹ አሁን ሚረርለስ ካሜራ ይዘዋል። ካሜራው ሲገዛ አብሮት የመጣ አንድ ኪት ሌንስ አላቸው። ሁለተኛ ሌንስ ለመግዛት እቁብ የሚወጣላቸውን ቀን ይጠብቃሉ።

እቁቡ ሲወጣ ምክሩ ከሁለት ወገን ይመጣል። አንዱ ወገን «ትልቁን ያዝ፤ ኤፍ 1.2 የሚለውን። ደንበኛ ሌንሱን አይቶ ነው የሚከፍልህ፤ የጎደለውን ተበደር» ይላል። ሌላው ወገን «50 ሚሊሜትር ኤፍ 1.8 ግዛና ወደ ሥራህ ሂድ» ይላል። እኔ ከሁለተኛው ወገን ነኝ። ምክንያቴን በቁጥር ላስረዳ።

ቁጥሩ ምን ይላል?

ኤፍ የሚባለው ቁጥር የሌንሱን ቀዳዳ ስፋት ይነግረናል። ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል፤ ብርሃኑም ይበዛል። አብዛኛው ኪት ሌንስ ትንሽ ዙም ሲደረግ ቀዳዳው ወደ ኤፍ 5.6 ወይም ኤፍ 6.3 ይጠብባል። ከኤፍ 5.6 ወደ ኤፍ 1.8 ስንመጣ የሚገባው ብርሃን ወደ አሥር እጥፍ ይጠጋል።

አሥር እጥፍ ማለት በተግባር ምን ማለት ነው? የሠርግ ዳስ ውስጥ ናችሁ እንበል። ከመሸ ነው፤ መብራት ጠፍቶ ጀነሬተር ተነሥቷል፤ ለመቶ ሰው ጥቂት አምፖሎች ተሰቅለዋል። ኪት ሌንስ የያዘው ልጅ አይኤስኦውን 6400 ላይ አድርጎ፣ ሹተሩ 1/15 ሰከንድ ላይ ቢደርስበት፣ የሚጨፍር ሰው ሁሉ ጭጋግ ሆኖ ይወጣል። በዚያው ብርሃን፣ በዚያው አይኤስኦ፣ ኤፍ 1.8 የያዘው ልጅ 1/150 ሰከንድ አካባቢ ማንሣት ይችላል። የሙሽራዋ እናት እንባዋን ስትጠርግ እጇ ቆሞ ይታያል። ለኔ የሌንሱ ሙሉ ጥቅም እዚች ላይ ነው።

ወለጋ ውስጥ ደግሞ ይህ ልዩነት ቅንጦት አይደለም። ከነቀምቴ ተነሥቶ ኑኑ ቁምባ ወረዳ ሠርግ ሊያነሣ የሄደ ልጅ የሚገባበት ቤት መስኮቱ ጠባብ፣ ግድግዳው ጠቆር ያለ፣ ጣሪያው ብርሃን የማይመልስ ሊሆን ይችላል። ፍላሽ በቀጥታ ቢያበራ የሰዎቹን ፊት አፍጦ፣ ከኋላ ያለውን ሁሉ ጥቁር ያደርገዋል። የኛ የቆዳ ቀለም በጨለማ ቤት ውስጥ ብርሃን ሲያንሰው በፎቶው ላይ ዝርዝሩን ያጣል፤ በኋላ በኮምፒውተር ላነሣው ሲሉ ነጠብጣብ ይሞላል። ነጭ ልብስ የለበሰች ሙሽራ አጠገብ ሲሆን ችግሩ ይብሳል። መድኃኒቱ ገና ሲነሣ በቂ ብርሃን ማስገባት ነው።

አንድ ነገር ግን ልጨምር። የኛ አገር መብራት 50 ኸርዝ ነው፤ ስለዚህ ብዙ አምፖል በሰከንድ 100 ጊዜ ይብለጨለጫል። ዓይናችን አያየውም፤ ካሜራው ግን ያየዋል። ሚረርለስ ካሜራን ድምፅ አልባ በሆነው የኤሌክትሮኒክ ሹተር የሚያነሡ ልጆች ፎቶው ላይ ጥቁር ጥቁር መስመር ሲያዩ ሌንሱን ይወቅሳሉ። ሌንሱ ምንም አላደረገም። ሹተሩን 1/100 ወይም 1/50 ላይ አድርጉት፤ ቤት ውስጥ በአምፖል ስታነሡ የኤሌክትሮኒክ ሹተሩን ተዉት። ኤፍ 1.8 ባይኖር በዚያ ጨለማ 1/100 ላይ መቆየት ከባድ ይሆን ነበር።

ለምን ረከሰ?

«ርካሽ ከሆነ አንድ ነገር ይጎድለዋል» የሚል ጥርጣሬ አለ። የ50 ሚሊሜትሩ መርከስ ግን ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1896 የዛይስ ኩባንያ ባልደረባ ፖል ሩዶልፍ ፕላናር የተባለውን ሌንስ ነደፈ። ከፊትና ከኋላ ተመጣጣኝ ሆነው የተደረደሩት የመስታወቶቹ ቅርጾች አንዱ የሌላውን ስሕተት ያርማሉ። ዛሬ ያሉት ቀላል 50 ሚሊሜትሮች አብዛኞቹ የዚያ ንድፍ የልጅ ልጆች ናቸው። የካነን አርኤፍ 50 ሚሊሜትር ኤፍ 1.8 ስድስት መስታወት ብቻ ነው ያለው፤ ክብደቱ 160 ግራም ነው። ወንድሙ ኤፍ 1.2 ደግሞ አሥራ አምስት መስታወት ይዞ 950 ግራም ይመዝናል። ቀን ሙሉ ሠርግ የሚያነሣ ሰው አንገቱ ልዩነቱን ይነግረዋል።

አሁን ዋጋውን እንይ። የካነኑ ኤፍ 1.8 እ.ኤ.አ. በ2020 ሲወጣ 199 ዶላር ነበር። ኤፍ 1.2 እ.ኤ.አ. በ2018 ሲወጣ 2,299 ዶላር። ኤፍ 1.2 ከኤፍ 1.8 የበለጠ የሚያስገባው ብርሃን ሁለት እጥፍ ከሩብ ነው፤ ዋጋው ግን አሥራ አንድ እጥፍ ተኩል። ሶኒም ቤት ነገሩ ተመሳሳይ ነው፤ ኤፍ 1.8ው ሲወጣ 250 ዶላር ገደማ ነበር፤ ኤፍ 1.2ው 2,000 ዶላር ገደማ። ኒከን ላይ ትንሽ ይለያል። የዜድ 50 ሚሊሜትር ኤፍ 1.8 አሥራ ሁለት መስታወት ያለው፣ እጅግ ጥሩ ግን ሲወጣ ዋጋው ወደ 600 ዶላር የሚጠጋ የነበረ ሌንስ ነው። አቅም ያነሰው የኒከን ሰው ወደ 300 ዶላር ገደማ የወጣውን 40 ሚሊሜትር ኤፍ 2 ቢይዝ አይቆጭም።

ይህን በብር ስናሰላው ወደ ዶላሩ ወሬ እንመለሳለን። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ከመለቀቁ በፊት በባንክ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር። በዚያ ሒሳብ 199 ዶላር ከ11,400 ብር አያልፍም። ዶላሩን በ130 ብር ብናሰላው ያው ሌንስ 25,870 ብር ይሆናል፤ ኤፍ 1.2ው ደግሞ ወደ 299,000 ብር ይጠጋል። ይህ ገና ቀረጥ፣ የነጋዴ ትርፍና የመጓጓዣ ሳይጨመርበት ነው። በሻንጣ ገብቶ ሲሸጥም ዋጋው ከዶላሩ አያመልጥም። የሠርግ ዋጋ ግን በዶላር አልተተመነም። ነቀምቴ ላይ ልጁን የሚድር አባት ደመወዙ ወይም የቡናው ገቢ በዶላሩ ልክ አላደገለትም። ዕዳው በዶላር ፍጥነት፣ ገቢው በብር ፍጥነት የሚሄድ ሰው መጨረሻው ይታወቃል።

በልዩነቱ ምን ይገዛል?

በሁለቱ የካነን ሌንሶች መካከል ያለው ልዩነት 2,100 ዶላር ነው። ካነን አር8 የተባለው ፉል ፍሬም ካሜራ እ.ኤ.አ. በ2023 ሲወጣ ያለ ሌንስ 1,499 ዶላር ነበር። ማለትም በልዩነቱ ሁለተኛ ካሜራ ተገዝቶ 600 ዶላር ይተርፋል፤ ፍላሽ፣ ተጨማሪ ባትሪ፣ ሜሞሪ ካርድና ሁለት ሀርድ ዲስክ ይገባበታል።

የሠርግ ሥራ ዳግመኛ አይነሣም። ሙሽሮቹን «ቃል ኪዳኑን ድገሙልኝ» ማለት አይቻልም። ካሜራ እኩለ ቀን ላይ እምቢ ቢል፣ ነቀምቴ ከአዲስ አበባ 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። ጥገና ፍለጋ ልኮ መመለስ ቀናት ይፈጃል፤ መንገዱ ሁልጊዜ ክፍት ነው ብሎ መተማመንም እንደማይቻል የአካባቢው ሰው ያውቃል። ለእንዲህ ዓይነት ቦታ ከአንድ ውድ ሌንስ ይልቅ ሁለት መካከለኛ ካሜራ ዋስትና ነው። አዲስ አበባ ቦሌ የሚሠራ ፎቶ አንሺ ቢጎድለው ከጓደኛው ተከራይቶ ይጨርሳል፤ እሱ የሚሰጠውን ምክር ሻምቡ ላይ መቅዳት አይሠራም።

ግን ካሜራችሁ የትኛው ነው?

እዚህ ላይ ብዙ ልጆች ገንዘባቸውን ያጣሉ። «50 ግዛ» የሚለው ምክር የመጣው ከፉል ፍሬም ካሜራ ነው። እንደ ካነን አር50 ወይም ሶኒ 6400 ያለ አነስ ያለ ሴንሰር ያለው ካሜራ ላይ 50 ሚሊሜትር ሲገጠም እይታው ይጠብባል፤ ካነን ላይ እንደ 80 ሚሊሜትር ይሆናል።

በሜትር እንየው። አንድ የቆመ ሰው ከራሱ እስከ እግሩ ትንሽ ትርፍ ተጨምሮ ሁለት ሜትር ቁመት ባለው ፍሬም ውስጥ ይግባ እንበል። በፉል ፍሬም በ50 ሚሊሜትር ሌንስ ለማንሣት 2.8 ሜትር መራቅ ይበቃል። በካነን ክሮፕ ካሜራ በዚያው ሌንስ 4.5 ሜትር ያስፈልጋል። የኛ ሰው ሳሎን አራት በአራት ነው፤ ያውም ሶፋው፣ ቡፌው፣ ዘመድ ወዳጁ ሳይቆጠር። ጀርባችሁ ግድግዳ ይነካል፤ ሙሽሪት ግን እግሯ ተቆርጦ ይቀራል።

ስለዚህ ክሮፕ ካሜራ ያለው ሰው 30 ወይም 35 ሚሊሜትር ይፈልግ። ሲግማ 30 ሚሊሜትር ኤፍ 1.4 ለሶኒም፣ ለኒከንም፣ ከ2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በፈቃድ ለካነንም ይሠራል። ካነን ለረጅም ጊዜ ሌሎች ኩባንያዎች ራሳቸው ትኩረት የሚይዙ ሌንሶች ለአርኤፍ እንዳይሠሩ በሩን ዘግቶ ነበር፤ በ2022 እ.ኤ.አ. ቪልትሮክስ የተባለው የቻይና ኩባንያ ሌንሶቹን ለማቆም ተገዷል። በሩ የተከፈተው በቅርቡ ነው፤ ያውም ጠበብ ብሎ። የድሮ ካነን ኢኤፍ 50 ሚሊሜትር ኤፍ 1.8 ያለው ሰው ግን አዲስ ከመግዛቱ በፊት አዳፕተር ያስብ፤ ትኩረቱ በደንብ ይሠራል።

ያገለገለ የምትገዙ ደግሞ የስልካችሁን መብራት በሌንሱ ውስጥ አሳልፋችሁ ተመልከቱ። የሸረሪት ድር የመሰለ ቀጭን ክር ካያችሁ ሻጋታ ነው፤ ጥላችሁ ሂዱ። ወለጋ ከአገራችን ዝናባማ አካባቢዎች አንዱ ነው። ክረምቱን ሙሉ በጨርቅ ቦርሳ ውስጥ የተቀመጠ ሌንስ ይሻግታል። በደንብ የሚከደን የፕላስቲክ ዕቃና ከጫማ ካርቶን የሚገኙት እርጥበት መጣጭ ከረጢቶች ብዙ ብር ያድናሉ።

«ስልኬም እኮ ኤፍ 1.8 ነው»

ይህን የሚል ደንበኛ አለ፤ እውነቱን ነው። ቁጥሩ አንድ ነው፤ ብርሃኑ የሚያርፍበት ሜዳ ግን አንድ አይደለም። የፉል ፍሬም ሴንሰር 864 ስኩዌር ሚሊሜትር ስፋት አለው፤ የአብዛኛው ስልክ ሴንሰር ከ100 በታች ነው። በአንድ ዓይነት ዝናብ ጀሪካንና ስኒ ብታስቀምጡ እኩል ውኃ አይዙም። ስልኩ ልዩነቱን በሶፍትዌር ለመሙላት ይሞክራል፤ በቀን ይሳካለታል፤ በጀነሬተር መብራት በሚጨፍር ሰው ላይ ግን ይጨነቃል። ፎቶ አንሺው የሚከፈልበት ሥራ የቀረው እዚያ ጨለማ ውስጥ ነው። ፀሐይ ላይ ቆሞ የሚነሣውን ፎቶ ስልክ ወስዶታል፤ አይመለስም።

ትልቁ ነገር፦ ከኋላ ያለው

አሁን ወደ ዋናው ሐሳቤ ልምጣ። ሰው ፈጣን ሌንስ የሚገዛው ለብርሃን ብሎ ሳይሆን ከኋላ ያለውን ለማደብዘዝ ሲሆን ነው የምፈራው። «ብለር» ፋሽን ሆኗል። ደንበኛው ይፈልገዋል፤ ፎቶ አንሺው ኤፍ 1.2 የሚመኘውም በዋናነት ለዚህ ነው።

በፉል ፍሬም በ50 ሚሊሜትር ኤፍ 1.8 ሁለት ሜትር ላይ ቆሞ ሰው ሲነሣ ጥርት ብሎ የሚታየው ውፍረት ወደ 17 ሳንቲ ሜትር ነው። በኤፍ 1.2 ወደ 11 ተኩል ይወርዳል። ሙሽራው ጥርት ሲል አጠገቡ ግማሽ እርምጃ ወደኋላ የቆመው ሚዜ ይደበዝዛል። ቤተሰብ በሦስት ረድፍ ቆሞ በኤፍ 1.8 ከተነሣ፣ ኋላ የቆሙት አያቶች ፊታቸው ይጠፋል። አያቶቹ ደግሞ ለሚቀጥለው ሠርግ ላይኖሩ ይችላሉ።

ነገሩ ከአያቶቹም ያልፋል። ስለ ድሮዋ ወለጋ በፎቶ የምናውቀው ጥቂት ነው። ከዚያም ውስጥ ብዙው በውጭ ሚሲዮናውያን የተነሣ፣ ዛሬ በአውሮፓ መዛግብት የተቀመጠ ነው። ያንን ፎቶ ሲያገኝ ታሪክ አጥኚው የሚያየው መሐል የቆመውን ሰው ብቻ አይደለም። አጥሩን ያያል፤ የቤቱን ክዳን ያያል፤ ዳር ላይ የቆመችው ልጅ የያዘችውን ዕቃ ያያል። በጊዜው ማንም ከቁም ነገር ያልቆጠረው ዳራ ዛሬ ዋናው መረጃ ሆኗል። ከኩምሳ ሞሮዳ ቤተ መንግሥት ፊት ሙሽሮች ቆመው ቤተ መንግሥቱ ቡናማ ጭጋግ ከሆነ፣ ያ ፎቶ የትም ሊነሣ ይችል ነበር። ነቀምቴ የለችበትም።

በዘመናችን ደግሞ ይህ ክብደት አለው። በ2012 ዓ.ም. ከገና ሰሞን ጀምሮ ሦስት ወር ለሚጠጋ ጊዜ በብዙ የምዕራብ ኦሮሚያ አካባቢዎች ስልክና ኢንተርኔት ተቋርጦ ነበር። ከዚያ በኋላም በግጭቱ ምክንያት ከወለጋ የሚወጣው ምስል አነስተኛ ነው፤ ስለ አካባቢው የሚጻፍ ዜና ብዙ ጊዜ ከማኅደር የተገኘ ፎቶ ይለጠፍበታል። በእነዚህ ዓመታት ሕዝቡ እንዴት እንደኖረ፣ ምን እንደለበሰ፣ ማን ከማን ጋር እንደተቀመጠ ያየው ማን ነው? የሠርግ ፎቶ አንሺው ነው። መንገድ ሲከፈት ኑኑ ቁምባ ድረስ የገባው እሱ ነው። ስሙ በታሪክ ጸሐፊነት አይጠራም፤ ሀርድ ዲስኩ ውስጥ ያለው ግን የአንድ አካባቢ መዝገብ ነው። ያ ዲስክ አንድ ብቻ ከሆነ፣ አንድ ቀን ከጠረጴዛ ሲወድቅ መዝገቡም ይወድቃል። ከውድ ሌንስ በፊት ሁለት ዲስክ ይገዛ የምለው ለዚህም ነው።

ስለዚህ ምን እናድርግ?

ፎቶ አንሺዎች፦ ኤፍ 1.8ን በጨለማ ተጠቀሙበት፤ ብርሃን ሲኖር ወደ ኤፍ 5.6 ወይም ኤፍ 8 ዝጉት። ከእያንዳንዱ ሠርግ ቢያንስ ጥቂት ፎቶ ቤቱ፣ ደጁ፣ እንግዳው ሁሉ ጥርት ብሎ የሚታይበት ይሁን። ኪት ሌንሱንም አትሽጡት፤ ሰፊውን ዳስና ብዙ ሰው የተሰበሰበበትን ሜዳ የሚያነሣላችሁ እሱ ነው። 24–70 ኤፍ 2.8 ያለው ሰው ለሠርግ ይመቸዋል የሚሉትም ትክክል ናቸው፤ የኔ ምክር ገና እዚያ ላልደረሰው ነው። ያም ቢሆን ኤፍ 1.8 ከኤፍ 2.8 ከሁለት እጥፍ በላይ ብርሃን ያስገባል።

ደንበኞች፦ ሰውየውን በሌንሱ ግዝፈት አትመዝኑት። ቀደም ሲል ያነሣውን አንድ ሙሉ ሠርግ፣ በተለይ የማታውን ክፍል፣ አሳየኝ በሉት። ሁለተኛ ካሜራ አለህ ወይ? ፎቶውን ስንት ቦታ ታስቀምጣለህ? እነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ከሌንሱ ቁጥር ይበልጣሉ። ወጣቶቹን ወደ ዕዳ የሚገፋቸው የኛ ዓይን መሆኑንም አንርሳ።

አበዳሪዎችና የመንግሥት ሰዎች፦ ለወፍጮና ለልብስ ስፌት መኪና በሊዝ የሚሰጥ ብድር ለካሜራም ይታሰብ። ካሜራ ለሠርግ አንሺው የጌጥ ዕቃ አይደለም፤ የሥራ መሣሪያ ነው። በየወረዳው ያሉ የኮሙኒኬሽን ጽሕፈት ቤቶችም ካሜራ ሲገዙ በግዥ ሰነዱ ላይ አንድ 35 ወይም 50 ሚሊሜትር ኤፍ 1.8 ቢጨምሩ፣ የአዳራሽ ስብሰባ ፎቶዎቻቸው እንደ ጭስ ቤት ከመታየት ይድኑ ነበር።

ያለውን የወረወረ ፈሪ አይባልም። ወለጋ ውስጥ 160 ግራም በምትመዝን ሌንስ፣ ያለ ዕዳ፣ በሁለት ዲስክ የሚሠራ ወጣት ከአሥር ዓመት በኋላም ሥራው ላይ ይገኛል። የአካባቢው ሰዎች የዛሬውን ኑሯቸውን ማየት ሲፈልጉ የሚሄዱት ወደ እሱ ነው።

ፎቶ አንሺ ወዳጅ ያላችሁ እቁቡ ከመውጣቱ በፊት ላኩለት።